በትልቁ ጋዜጣ ውስጥ የደበቅኳት

ቢቸና ሳስተምር ሁለት ዓይነት ጋዜጣ እናነብ ነበር። ትልቁ፣ ሲዘረጋ ሁለት እጅ የሚሞላው፣ የስብሰባና የምርቃት ዜና ይዞ ይመጣል። እሱን መምህራን ማረፊያ መሃል እግራችንን አነባብረን እናነበዋለን። ትንሿ ደግሞ ማን ከማን ጋር ኮበለለ፣ ማን በማን ላይ አስደገመ የምትል ናት፤ እሷን ትልቁ ውስጥ ሸጉጠን ነው። ከውጭ ለሚያየን የአገር ጉዳይ እንቅልፍ የነሳን ምሁራን እንመስላለን።

ቆይቼ ለትንሿ መጻፍ ጀመርኩ። «እውነተኛ ታሪክ» የሚል ዓምድ ነበራት፤ ፎቶዬን ከጽሑፉ ራስጌ ታወጣልኛለች። ታሪክ ሲያልቅብኝ ሞጣ ያሉትን የቀድሞ አከራዬን ጻፍኳቸው። እትዬ ነው የምላቸው፤ እንደ ልጃቸው ነበር የያዙኝ። አንድ ክረምት ታምሜ ስተኛ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ልጅ አጥተው ቢጨንቃቸው በድብቅ ጠንቋይ ቤት እንደሄዱ፣ ከንስሐ አባታቸው በቀር ለማንም እንዳልተነፈሱ አጫውተውኝ ነበር። ስማቸውን ቀየርኩ። ሞጣን ግን አልቀየርኩም፤ የባላቸውን ማነከስም፣ ጨው ነጋዴነቱንም። ታሪኩ የሚያምረው በእነሱ ነው ብዬ። ዛሬም ሞጣ ሲባል ፊቴ ይቃጠላል።

እትዬ ማንበብ አይችሉም። ለግድግዳቸው አሮጌ ጋዜጣ እልክላቸዋለሁ፤ ዱቄት በጥብጠው ይለጥፉታል። ትልቁን ይወዱታል፣ አንዱ ቅጠል ብዙ ይሸፍናል። በዚያ ሰሞንም ከማረፊያ ክፍላችን የሰበሰብኩትን ጥቅል በአውቶቡስ ሰደድኩላቸው። ትንሿ ትልቁ ውስጥ እንደተሸጎጠች አብራ መሄዷን ልብ አላልኩም።

ለፋሲካ ስሄድ ፎቶዬ ከበሩ ትይዩ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ተለጥፏል። ርዕሱን ከደጃፉ ሆኜ አነበብኩት። የእሳቸው ታሪክ ነው። የማኅበር ተራቸው ሲደርስ እንግዳ የሚቀመጠው እዚያው ግድግዳ ሥር እንደሆነ አውቃለሁ።

«ፎቶህን ሳይ ጊዜ ከፍ አድርጌ ለጠፍኩህ» አሉኝ። «በል እስቲ፣ ምን ብለህ እንደጻፍክ አንብብልኝ።»

እግራቸው ላይ መውደቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ዓይኔን ወደ ጎን አዞርኩና አጠገቡ ከተለጠፈው ትልቁ ጋዜጣ ላይ ስለ ስንዴ አነብ ጀመር። በመስመር ስለ መዝራት፣ ስለ ማዳበሪያ። ድምፄንም እንደ ክፍል ውስጥ አስተካከልኩ፤ ይህን ሳስበው ከሁሉ የባሰ ያሳፍረኛል። እትዬ እጃቸውን አጣምረው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ጎሽ» አሉ ስጨርስ። «ተራዬ ደርሶ ማኅበርተኞቼ የመጡ ዕለት አንዷ ይህንኑ ጮክ ብላ አነበበችው። ጠላው እንኳ ሳይቀመስ ተነሥተው ሄዱ። ይኸው እስከ ዛሬ ደጄን አልረገጡ።»

«ታዲያ ለምን አልቀደዱትም?» አልኩ።

«አንተ እስክትመጣ ነዋ። ልጄ እንዲህ አድርጎ አይጽፍብኝም፣ ከራሳችሁ ጨምራችሁ ነው አልኋቸው። ከአንተው አፍ ልሰማው ብዬ ነበር የጠበቅሁህ» አሉ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። «ስንዴውን ስታነብልኝ ግን አመንኋቸው።»