ባሌን ያተረፈው ሞራ

ሰይድ ድኖ ቤቱ ገባ። ትናንት ከሰዓት ከደሴ መጥቶ፣ ከባጃጁ በገዛ እግሩ ወርዶ፣ «ግቢው ለምን አልተጠረገም?» አለኝ። ሲነጫነጭ ሰምቼ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ አልሃምዱሊላህ። አሁን ሰላም ልበላችሁ... እንዴት ከረማችሁ ጀምዓ?

የሆነውን ልንገራችሁ። ባሌ እዚህ ሐይቃችን ላይ ዓሣ አስጋሪ ነው፤ ለሁሉ ነገር መልሱ «አብሽሪ» ነው። ጣሪያው ሲያፈስ አብሽሪ፣ ጀልባው ሲሰነጠቅ አብሽሪ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ማክሰኞ ሆዱን ይዞ ተኛ። ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው...

«አብሽሪ፣ ቁርጠት ነው።»

ረቡዕ ጠዋት ሆዱ ተወጥሮ እጅ አላስነካ አለ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩ። በመጨረሻ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«አጎቴ ይምጡና ሞራ ያንብቡልኝ። ሂድ ካሉኝ እሄዳለሁ።»

አጎቱ ጋሽ ይመር የአምባሰል ሰው ናቸው። በግ ሲታረድ የሆድ ዕቃውን የሚሸፍነውን ያንን ነጭ ስስ ሞራ ፀሐይ ላይ ዘርግተው፣ የደም ሥሩን እየተከተሉ «ዝናብ አለ፣ ሰርግ አለ፣ እንግዳ ይመጣል» ይላሉ። ሼሆቹ ይሄን ነገራቸውን አይወዱላቸውም። ሰይድ ግን ከሳቸው በቀር የሚሰማው የለም። ደወልኩላቸው፤ ከውጫሌ ባገኙት ሚኒባስ ከተፍ አሉ።

ለአረፋ ብዬ የቀለብኩት ሙክት ነበረኝ። ታረደ። ባል በታመመበት ለበግ አይታዘንም ትሉኝ ይሆናል... እኔ አዘንኩ። ስድስት ወር በእጄ ነው ያበላሁት።

ጋሽ ይመር ሞራውን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው ያዙት። ሰይድ በሩ ጋ ፍራሽ ላይ ሆኖ ያያቸዋል። እሳቸው ሞራውን ትንሽ አዩ... ሰይድን ብዙ አዩ። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ።

«ምን ይላል አጎቴ?»

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐኪም ፊት ይድረስ ይላል። ደሴ።»

«ደሴ ብሎ ስሟን ጠርቶ?»

«ተነስ አንተ። የመኪናው ታርጋም እንዲጻፍልህ ነው የምትፈልገው?»

ተነሳ።

ደሴ ስንደርስ ወዲያው ኦፕራሲዮን አስገቡት። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ኖሯል። እኔ ኮሪደሩ ላይ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨርሼ እንደገና ጀመርኩ። ጋሽ ይመር አጠገቤ ተቀምጠው በትራቸውን ሲያሻሹ ቆዩ።

ሐኪሙ ወጣ። ልጅ እግር ነው፣ ትሁት።

«አብሽሩ፣ ተርፈዋል» አለን። የሱ አብሽሩ አንጀቴን አራሰው። «ከፈነዳ ቆይቷል። የሆድን ግድግዳ ከውስጥ የሚለብጥ ስስ ነገር አለ፤ መግሉ እሱ ላይ ተሰራጭቶ ቢሆን ኖሮ አስጊ ነበር።»

«ከቆሮሶ ዓሣ ሆድ የምንጠርገው ጥቁሩ ስስ ነገር ዓይነት?» አልኩት። ስንት ዘመን ዓሣ ሳጸዳ እሱን እየፋቅኩ ስጥል፣ ለካ ሥራ ነበረው።

«አዎ፣ እንደሱ። እሳቸውን ያተረፋቸው ግን ሞራቸው ነው። የፈነዳው ቦታ ላይ ተለጥፎ እንደ ጋቢ ጠቅልሎ ይዞታል፤ መግሉ እንዳያመልጥ።»

ጋሽ ይመር ከአግዳሚው ብድግ አሉ።

«ሰውም ሞራ አለው?»

«አለው አባቴ።»

«አንተ... የሰይድን ሞራ አየኸው?»

«በእጄ ይዤው ነበር።»

«እና ምን ይላል?»

ሐኪሙ ወደ እኔ አየ። ሳቄን አፍኜ መሬት መሬት አየሁ።

«ትንሽ ብትዘገዩ እኔም አልችለውም ነበር ይላል» አላቸው።

ጋሽ ይመር ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሐኪሙ ሲሄድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ዘይኔ፣ የበጉ ሞራ ላይ ምንም አልነበረም።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ንጹሕ ነበር። እንዲያውም ጥጋብ ነው የሚለው። እኔ ያነበብኩት የልጁን ፊት ነው።»

«ፊቱን ለማንበብ ነው በጌን ያረዱት?»

«በግ ባይታረድ ይሄድልሽ ነበር?»

አይሄድማ።

«ለሰይድ እንዳትነግሪው» አሉኝ። አልነገርኩትም። ለእናንተ እንዳልነግር ግን አላሉኝም።

አሁን ሰይድ ትራስ ተደግፎ ጠያቂ በገባ ቁጥር «ሞራ አይዋሽም፣ እሷን አብሽሪ ብያት ነበር» ይላል። እኔም «ልክ ነህ» እላለሁ። ደግሞስ ምኑ ውሸት ነው? የበጉ ባይናገር የሱ ሠርቷል።

እንግዲህ ሰይድ ስለዳነ በምናወጣው ሶደቃ ላይ እንዳትቀሩ። አራጁ ጋሽ ይመር ናቸው፤ ሞራው ግን ሳይነበብ ቀጥታ መጥበሻ ላይ ይወጣል ብለው ምለዋል። ለክርስቲያን ጎረቤቶቼ ቆሮሶ እጠብሳለሁ፣ በደንብ የጸዳ። ሰይድ ፌስቡክ የለውም፤ ይሄን ላሳየው የምትሉ ካላችሁ ተበልቶ እስኪያልቅ ታገሱኝ... ሶደቃው የፊታችን እሁድ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው።