በገናውን ያጠራሁበት ጾም

ያ ሸክላ ማጫወቻ ትዝ ባለኝ ቁጥር እስካሁን ደሜ ይፈላል። በማጫወቻው አይደለም፤ እሱ ምን አጠፋ? መጀመሪያ በሻጩ እናደዳለሁ፣ ቀጥሎ በራዲዮ ጠጋኙ፣ መጨረሻ ላይ ግን ዞሬ ዞሬ የምመጣው ራሴ ላይ ነው።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ነው። መርካቶ ብርድ ልብስ እሸጥ ነበር፤ ቤቴም ከሱቁ ጀርባ ነው። አባቴ በወጣትነታቸው ከጎጃም ሲወጡ በገናቸውን ለወንድማቸው ትተው ስለመጡ፣ መርካቶ የተወለድኩት እኔ በገና በዓይኔ አይቼ አላውቅም። የማውቀው በሁዳዴ በራዲዮ ሲደረደር ብቻ ነው። ያቺ ራዲዮ ደግሞ ዜና አንባቢውንም፣ ዘፋኙንም፣ በገናውንም እኩል ዝዝዝ እያደረገች የምታወጣ ጉድ ነበረች። እኔም ዝዝታው የራዲዮዋ ነው ብዬ ደመደምኩ። ማንንም አልጠየቅኩም።

የአባባ ቀኝ ጆሮ ከተዘጋ ዓመት አልፎታል። ግራውም እየተከተለው እንደሆነ፣ መድኃኒትም እንደሌለው ሐኪሙ ነገረን። ወደ ቤት ስንመለስ አባባ አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ጋ ሲደርሱ ቆም አሉና፣ “እንግዲህ ይቺን አንድ ጾም በገና ልስማበት፤ ከዚያ ወዲያ እንደፈለገ ይሁን” አሉኝ።

“በዚያች ቆርቆሮ አይሰሙም፣ አባባ። ደህና ዕቃ እገዛለሁ” አልኳቸው። ምነው አፌን በቆረጠው!

ማጫወቻውን፣ አምፕሊፋየሩንና ሁለቱን ስፒከሮች አንድ በአንድ መርጬ ገዛሁ። ሻጩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ “ጋሼ፣ ይሄ ዕቃ አንዲት ዝዝ የምትል ነገር ከተገኘችበት እኔ ሰው አይደለሁም!” ብሎ ማለ። የበገና ሸክላ እንደ ዘፈኑ በየሱቁ የሚገኝ ነገር አልነበረም፤ እሱንም በስንት ልመና አገኘሁ። በቅበላ ሰሞን ዘፈን ሞከርኩበት። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ እንኳ ይሰማል። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ መጣ፤ እኔም እንደ ሙሽራ ተጀነንኩ።

በዘወረደ እሑድ የበገናውን ሸክላ አስቀመጥኩ። የመጀመሪያው ጅማት ሲመታ፣ ዝዝዝዝ! አባባ ፊታቸው በርቶ ከጓዳ ብቅ አሉ። ወንበሩ ጋ ሳይደርሱ መርፌውን አነሳሁት።

“ምነው ልጄ? ተወው እንጂ።”

“ዝዝ ይላል፣ አባባ! አይሰሙም?”

“እሰማለሁ። እሱ እኮ እንዲያው—”

“እንዲያው አይደለም! ይሄን ሁሉ የለፋሁት ዝዝታ ላሰማዎት ነው?” አልኩና ክዳኑን ዘጋሁት። ሊነግሩኝ ነበር እኮ። አላስጨረስኳቸውም።

በማግስቱ ሸክላዬን ይዤ ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። ዘፈን አስቀመጠ፣ ጠራ። በገናውን አስቀመጠ፣ ዝዝ አለ። “እንግዲህ ሸክላው ነው፣ ጋሼ” ሲለኝ የተሰደብኩ ያህል ተናደድኩና አምባጓሮ ፈጠርኩ፤ ገላጋይ ነው ያወጣኝ። ከዚያ በኋላ መርፌውን በአልማዝ መርፌ ቀየርኩት። መርፌውን የያዘው ክንድ ቀሎት ይሆናል ብዬ ሳንቲም አሰርኩበት። ወደ አትክልት ተራ የሚያልፉት መኪኖች ወለሉን እያንቀጠቀጡት ይሆናል ብዬ ከማጫወቻው ሥር የወፍጮ ድንጋይ አስገባሁ። ከሱቄ ብርድ ልብስ አውጥቼ አራቱንም ግድግዳ አለበስኩ፤ የተረፈውን ስፒከሮቹ ሆድ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። ዝዝታው ንቅንቅ አላለም።

ጾሙ እየተጋመሰ ነው። አባባ በየእሑዱ መጥተው በሩ ላይ ይቆማሉ።

“ደረሰልህ?”

“ትንሽ ቀርቶታል።”

“እንዳለ ብታሰማኝስ?”

“አባባ፣ እርስዎ ስለ ኤሌክትሪክ ምን ያውቃሉ?” እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ይመለሳሉ። ስንት እሑድ እንዲህ አድርጌ እንደመለስኳቸው ሳስብ ዛሬም ጥርሴን አፋጫለሁ።

በመጨረሻ ከሰባተኛ ሰፈር አንድ ራዲዮ ጠጋኝ አመጣሁ። ሙስሊም ነው፣ እጁም የተባረከ ነው ይባላል። ሸክላውን ሁለት ጊዜ ሰማና ራሱን አከክ አከክ አደረገ።

“ጋሼ፣ የዚህ መሣሪያ ድምፁ ራሱ እንዲህ ቢሆንስ? እኔ አላውቀውም እንጂ...”

“ክርስቲያኑ እኔ ነኝ! የበገናን ድምፅ አንተ ልታስተምረኝ ነው?”

“ኧረ በአላህ፣ እኔ ምን አገባኝ!” አለና ካውያውን አጋለ። አምፕሊፋየሩ ውስጥ አንዲት ኮንደንሰር በየደ፤ ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ እየቆረጠች የምታስቀር ናት። ሸክላውን መልሰን ስናስቀምጠው ዝዝታው የለም። ዱም፣ ዱም የሚል ለስላሳ ድምፅ ብቻ ቀረ። ደስ ብሎኝ ጉንጩን ሳምኩት።

ዕለቱ ደብረ ዘይት ነበር። አባባን ጠርቼ ግራ ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አዙሬ አስቀመጥኳቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አንዱን ገጽ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

“ምንድን ነው ይሄ?” አሉኝ።

“በገና ነዋ!”

“በገናስ አይደለም። እንዝራውን ማን አወጣበት?”

እንዝራ የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም። ይሄን ሁሉ ሳምንት የለፋሁበትን ነገር በአንድ ቃል ውድቅ ሲያደርጉብኝ ቱግ አልኩ። “አባባ፣ ድምፁ ጠርቷል። ያልጠራው የእርስዎ ጆሮ ነው” አልኳቸው።

በዚህ አፌ ነው ያልኩት። እሳቸውም፣ “ይሆናል፣ ልጄ” ብለው ተነሡ። ከዚያ ወዲያ በሩ ላይ መጥተው አልቆሙም። እኔም አኩርፌ አልጠራኋቸውም።

የሆሳዕና ዕለት አማኑኤል አስቀድሼ ስወጣ፣ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር አንድ ሽማግሌ በገና ይደረድራሉ። ገና ከሩቁ ዝዝዝዝ ሲል ሰማሁ። እዚያ ኤሌክትሪክ የለ፣ መርፌ የለ፣ ስፒከር የለ። ተጠግቼ ቁጭ አልኩ። አሥሩም ጅማት ከሚያርፍበት እንጨት ላይ፣ በየጅማቱ ሥር አንዳንድ ቁራጭ ቆዳ ተሸጉጧል።

ሲያበቁ፣ “አባቴ፣ ይሄ ቆዳ ምንድን ነው?” አልኳቸው።

“እንዝራ ነዋ። በገናውን የሚያናግረው እሱ አይደል? እሱ ከሌለማ ዲዳ ነው።” የማን አገር ሰው ነው በሚል ዓይን አዩኝ።

ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። አምፕሊፋየሩን ከፍቼ ያቺን ኮንደንሰር በጉጠት ነቀልኳት። ብርድ ልብሶቹን ከግድግዳው ቦጫጭቄ አወረድኩ፣ ከስፒከሮቹ ሆድም ጎልጉዬ አወጣሁ። አባባን ከጓዳ እጃቸውን ይዤ አመጣሁና እዚያው ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። መርፌውን አሳረፍኩ። ዝዝታው ቤቱን ሞላው፤ ጎረቤቷ ሳትቀር “እሰይ፣ በገና!” ስትል በግድግዳው በኩል ሰማኋት።

ዓይኔን ከፊታቸው ላይ አልነቀልኩም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ስፒከሩን በትዕግሥት ያዩታል። ሸክላው ከግማሽ በላይ ዞረ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት።

ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። መጣደፌን አይተው ኖሮ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ፈገግ አሉ።

“ቀስ በል ልጄ፣ አትቸኩል” አሉኝ፤ “ሲጀምር ትነግረኛለህ።”