ለእህቴ ዝቅ ያለው ሞተር

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የእሱን ሞተር ሳይክል ለመጀመሪያ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ወሰድኩት። ከኋላው ሾክ፣ ከንዝረት ማብረጃው፣ የሚንጠባጠበው ዘይት ሲሸተኝ፣ ቁይ የሚገኘው የአባቴ ግቢ ትዝ አለኝ።

እህቴ ጥሩዬ የጤና ሠራተኛ ሆና ገጠር ስትመደብ አባቴ የራሱን ሞተር ሰጣት። ቁመቷ አጭር ስለነበር አንድ መካኒክ አስጠርቶ የኋላዎቹን ሾኮች በአጫጭር አስቀየረላት። ኮርቻው ዝቅ አለ፤ ሁለት እግሯን መሬት አስነክታ ሳቀች። ያን ሳቅ ጠላሁት። ታናሿ ብሆንም በቁመት እበልጣታለሁ።

«አባዬ፣ የእኔ እግር እኮ ዝቅ ሳይልም ይደርስ ነበር!»

«ይደርሳል» አለኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ለዚህ ነው ስለ አንቺ የማልጨነቀው።»

ማመስገኑ ይሁን መርሳቱ አልገባኝም። የወለቁትን ረጃጅም ሾኮች አቅፌ ጓዳ ገባሁ፤ ቀሚሴ በዘይት እስኪበላሽ አለቀስኩ።

የዛሬው መካኒክ «እትዬ፣ እስኪ ይቀመጡበት» አለኝ። ተቀመጥኩ። ጫማዬ መሬቱን ሙሉ በሙሉ ረገጠ። ባለቤቴም በሕመሙ ሰሞን «ስለ አንቺ አልጨነቅም» ብሎኝ ነበር።

«ልክዎ ነው! ሾኩን በዚሁ ቁመት ልቀይረው?»

«በአጭር ቀይርልኝ።»

«እግርዎ ይደርስ የለም እንዴ?»

«ይደርሳል» አልኩት። «ቢሆንም ዝቅ አድርግልኝ።»