አዲሱ የተባለውን ፊልም ያየን ሰዎች

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ፊልም በትክክል የሚያውቁ አራት ሰዎች ብቻ ናቸው ብለን እናምን ነበር። አራቱም እኛ ነበርን።

የምንገናኘው መጋላ ሰፈር ባለች አንዲት የጨርቅ ሱቅ ነው። ሱቋን የመረጥናት ለጥበብ ስለምትመች አይደለም፤ በሰፈሩ ከሁሉ የተሻለው ቬንትሌተር የሚሽከረከረው እሷ ጣሪያ ላይ ስለሆነ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ባለሱቋ የዐስር ሶላት ሰግዳ ስትመለስ፣ የጨርቅ ጥቅልሎቹን ወደ ግድግዳው ገፋ ገፋ ታደርግልንና እንቀመጣለን። ባለሱቋ ሃምሳ ሊሞላት ትንሽ የቀራት፣ ከደንበኛ ጋር በሶማልኛ የምትከራከር፣ በኦሮምኛ የምትቆጣ፣ ፊልም ላይ ደግሞ በሁሉም ቋንቋ የምታለቅስ ሴት ናት። ለእሷ ፊልም ሁለት ዓይነት ነው፦ ያስለቀሳትና ጊዜዋን የበላባት።

ሁለተኛው የፊዚክስ መምህር ነው። ፊልም አይቶ "ደስ አለኝ" ብሎ አያውቅም። "ፍሬሙ ይተነፍሳል" ይላል። ፍሬም በየት በኩል እንደሚተነፍስ ጠይቀነው አናውቅም፤ የሚጠይቅ ሰው የማያውቅ ሰው ነው፣ እኛ ደግሞ አዋቂዎች ነን።

ሦስተኛው የድሮው ባቡር መካኒክ የነበረ ጡረተኛ ነው። ጋሼ እንለዋለን። ጋሼ እያልን ግን የምንለው "አንተ" ነው፤ እንደ ድሬ ልጅ ወግ። አንቱ ብንለው የሆነ በሽታ የተገኘበት መስሎት ይደነግጥ ነበር። ጋሼ የመጨረሻው ዳኛችን ነበር። ሁላችንም ተናግረን ስንጨርስ ከዘራውን መሬት ላይ መታ አድርጎ በባቡር ቤት ፈረንሳይኛው "ኖን!"፣ አይሆንም፣ ካለ ያ ፊልም አበቃለት።

አራተኛዋ እኔ ነኝ። የጭነት መኪኖች ስምሪት ክፍል ነው የምሠራው። ሾፌሮች ለምን እንደዘገዩ የሚፈጥሩትን ሰበብ ቀኑን ሙሉ ስሰማ ስለምውል ድርሰት መመዘን እችላለሁ ብዬ አስባለሁ። ልዩ ተሰጥኦዬ ያልገባኝን ፊልም ማድነቅ ነው። ባልገባኝ መጠን አድናቆቴ ይጨምራል።

ፊልሞቹን የሚጭንልን ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ያለ፣ ጢሙን ሂና የሚቀባ ጎልማሳ ነው። ፍላሻችንን ይቀበላል፣ ይሰካል፣ ይመልሳል። የፊልም ርዕስ የሚባል ነገር ላይ እምነት የለውም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ፊልሞቹን ያስቀመጣቸው "ሽጉጡ"፣ "ሁለቱ እህትማማቾች"፣ "ረጅሙ" እያለ ነው።

አንድ ሐሙስ መምህሩ ሰው ሁሉ የሚያወራለት አዲስ ፊልም መውጣቱን ነገረን። እያንዳንዳችን በየቤታችን አይተን ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሳባችንን ይዘን እንድንመጣ ተስማማን። እኔ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ወደ ፊልም ጫኙ ሄድኩ።

"አዲሱን ጫንልኝ" አልኩት።

"አዲሱን?" አለ ቀና ሳይል።

"አዎ።"

ጫነልኝ። ፋይሉ ላይ በእርግጥም "አዲሱ" የሚል ተጽፎበታል። ቤቴ ሄጄ ከፈትኩት። አንድ ሰውዬ ተራራ ላይ ቤት ሊሠራ ድንጋይ ይሸከማል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሸከመ። ቤቱን ሳይሠራው ፊልሙ አለቀ። በጣም አደነቅኩት።

ሐሙስ ደረሰ። ባለሱቋ በዘይት የተጠበሰ ባጊያ በትሪ አቀረበችልን፤ ወጉን የጀመረው መምህሩ ነው።

"ባሕሩ" አለ ዓይኖቹን ጨፍኖ። "ባሕሩ ራሱ እኮ ገጸ ባሕርይ ነው።"

እኔ ባሕር አላየሁም። ያየሁት ድንጋይ ነው። ግን ሻይ ላፈላ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ እንደነበር ትዝ አለኝ። ባሕሩ ያኔ መጥቶ ሄዶ ይሆናል።

"እኔንም የነካኝ ባሕሩ ነው" አልኩ። "በተለይ ዝምታው።"

"ዝምታው!" አለ መምህሩ፣ በዚህ ዓለም የሚረዳው ሰው ገና ዛሬ እንዳገኘ ሁሉ።

"እኔስ ወላሂ ባሕሩን ልብም አላልኩት" አለች ባለሱቋ። "ሙሽራዋ ቀለበቱን ስትወረውረው ከዚያ በኋላ ዓይኔ ምንም አላየ።"

መምህሩ አንድ ባጊያ አነሣ። ከዚያ "አዎ፣ ሙሽራዋ" አለ ቀስ ብሎ። "የት ነበር የወረወረችው?"

"ጉድጓድ ውስጥ ነዋ!"

"ጉድጓዱ" አለ መምህሩ፣ "የባሕሩ ተቃራኒ ነው።"

እኔ ይህን በስልኬ ላይ ጻፍኩት። እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ አይሰማም።

ጋሼ ከዘራውን መታ አደረገ። "ባቡሩስ?" አለ። ሦስታችንም ወደ ትሪው አጎነበስን። "ባቡሩ ሲገባ የፍሬኑ ድምፅ የናፍጣ ባቡር ድምፅ አይደለም። የእንፋሎት ነው። ዘመኑን አበላሽተውታል። ኖን!"

"ግን ጋሼ፣ ባቡሩ ጊዜን ነው የሚወክለው" አለ መምህሩ በትሕትና።

እንዲህ እያልን አንድ ሰዓት ተኩል አወራን። ከባቡሩ በስተቀር የዓመቱ ምርጥ ፊልም እንደሆነ ተስማማን። በዚህ መጠርጠር ነበረብኝ፤ እኛ ተስማምተን አናውቅም።

ጉዱን ያወጣችው ባለሱቋ ናት። "ቀለበቱን የወረወረችበትን ደግሜ ላሳያችሁ" ብላ ፍላሿን ሱቁ ውስጥ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን ላይ ሰካችው። ሠርግ ታየ። ከበሮ፣ ድንኳን፣ ያኮረፈች ሙሽራ።

መምህሩ ብዙ ታገሠ። በመጨረሻ "ባሕሩ የቱ ጋ ነው የሚመጣው?" አለ።

"የምን ባሕር?" አለች ባለሱቋ።

"ድንጋይ የሚሸከመው ሰውዬስ?" አልኩ እኔ ሳላስበው አምልጦኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

የየራሳችንን ፍላሽ ተራ በተራ ሰካን። የመምህሩ ላይ ዓሣ አጥማጆችና ማለቂያ የሌለው ባሕር። የእኔ ላይ ድንጋይ። ጋሼ ፍላሹን ቤት ረስቶታል። መምህሩ "ዳይሬክተሩ ምናልባት ሦስት የተለያየ ቅጂ..." ብሎ ጀመረ፣ ማንም ስላላገዘው አልጨረሰውም።

በማግስቱ በምሳ ሰዓቴ ፊልም ጫኙ ላይ ልጮህ ታይዋን ወረድኩ።

"አቦ!" አለኝ ተገርሞ። "አዲስ ፊልም ሲመጣ 'አዲሱ' እለዋለሁ። ሌላ ሲመጣ ደግሞ እሱን 'አዲሱ' እለዋለሁ። ምን እንድለው ፈለግሽ፣ አሮጌው?"

ሳልጮህ ተመለስኩ። እሱ ቢያንስ የሚናገረውን ነገር አይቶታል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሐሙስ አልተገናኘንም። መምህሩ አንድ ቀን ከዚራ በሚባለው ሰፈር ዛፎች ሥር ከሩቅ ሲያየኝ ወደ ማዶ ተሻገረ፤ ማዶ ጥላ እንኳ አልነበረም። እኔም ባላየ አለፍኩት። በሦስተኛው ሳምንት ባለሱቋ ደወለችልኝ። "ከእንግዲህ ፊልም የምታዩት እዚሁ፣ እኔ እያየኋችሁ ነው" አለች። ለሌሎቹም እንዲሁ ብላቸዋለች።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የሱቋን በር ግማሽ ዘግታ ጠበቀችን። ጋሼ ከቴሌቪዥኑ ሥር አንድ የጨርቅ ጥቅልል ላይ ተቀመጠና ጆሮውን ወደ ላይ አዞረ። ፊልሙ ወሬ የማያበዛ ነበር። ሁለት ወንድማማቾች ጠረጴዛ ከበው ይተያያሉ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ።

"ተበላሸ እንዴ?" አለ ጋሼ።

"ምኑ?"

"ቴሌቪዥኑ ነዋ። ድምፅ የለውም።"

"እየተያዩ እኮ ነው" አለች ባለሱቋ።

"አዎ፣ አዎ፣ እየተያዩ ነው" አለ ጋሼ ፈጠን ብሎ። "ሴትየዋ ግን መልከ መልካም ናት።"

ባለሱቋ ፊልሙን አቆመችው። ዕድሜዋን ሙሉ ቀለም ስትለይ የኖረች ሴት ናት። ምንም ሳትናገር አንድ አረንጓዴና አንድ ቀይ ጨርቅ አወጣችና ፊቱ ዘረጋችለት።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ጨርቅ ነዋ። ጨርቅ ቤት ምን ይዘረጋል?"

"የትኛው ነው ቀዩ?"

ጋሼ ከዘራውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። "የዓይን ሞራ ነው አሉኝ" አለ። "ካለፈው ክረምት ወዲህ የማየው በጆሮዬ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከንም?" አልኩት።

"ምን ብዬ? ዳኛ አድርጋችሁ አስቀምጣችሁኛል።"

"ያ ባቡርስ?" አለ መምህሩ በቀጭን ድምፅ።

"ያንን ፊልም ጭራሽ አላየሁትም፤ ፍላሹን የሚሰካበት ቀዳዳ አልታየኝም። ፊልም ውስጥ ባቡር አይጠፋም ብዬ ነው።"

እኔ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ አልመጣም አለኝ። ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ምንም ያላየ ሰው፣ ከአራታችን ሁሉ የሚከበረው እሱ ነበር። ያየነው እኛም ከእሱ የተሻለ ነገር አልተናገርንም። መምህሩ ወለሉን ያይ ነበር።

ጋሼ ሐኪም ዘንድ ያልተመለሰው ፈርቶ ነው። አንድ የድሮ ባልደረባው ሞራ የሚነሣው በምላጭ ነው ብሎታል። ባለሱቋ "በምላጭም ይነሣ በማንኪያ፣ ሰኞ ትሄዳለህ" አለችው፤ ይህን ያለችው በኦሮምኛ ስለነበር ጋሼ አልተከራከረም።

ሰኞ ጠዋት ከሾፌሮቼ የተማርኩትን ሰበብ ለአለቃዬ ተናግሬ ከሥራ ቀረሁ። መምህሩም መጣ። ባጃጅ ውስጥ ሦስታችን ተጣበን ስንሄድ የጋሼ ከዘራ ወለሉን በፍጥነት ሲደበድብ ይሰማኝ ነበር። መምህሩ ድንገት ስለ ዓይን መናገር ጀመረ። ብርሃን እንዴት እንደሚገባ፣ ሌንሱ ሲደፈርስ ምን እንደሚሆን፣ ያንን አውጥተው ትንሽ ጥርት ያለ ሌንስ እንዴት እንደሚተኩበት፣ በጋሼ መዳፍ ላይ በጣቱ እየሣለ አስረዳው። ጋሼ ጣቱ አይታየውም፤ ግን መዳፉን ዘርግቶ ተቀበለ። መምህሩ ስለሚያውቀው ነገር ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው። በወሬው ውስጥ አንድም "የሚተነፍስ" ነገር አልነበረም። እስክንደርስ የጋሼ ከዘራ መደብደቡን አቆመ።

የዚያኑ ዕለት ዓይኑን ሠሩለት፤ በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ ባለሱቋ ከፊቱ ቆማ ነበር። ጋሼ ትክ ብሎ አያት።

"አንቺ፣ አርጅተሻል እኮ!"

"አቦ፣ ተመልሰህ ታወር!" አለችውና በሻርፗ ዓይኗን ጠረገች።

ዓይኑ ሲጠናለት ሐሙሳችንን ቀጠልን። የመጀመሪያው ፊልም አልቆ መምህሩ ተናገረ፣ ባለሱቋ ተናገረች፣ እኔም ያልገባኝን አደነቅኩ። ከዚያ ሁላችንም የከዘራውን ድምፅ ጠበቅን። አልመጣም።

"እህ፣ ጋሼ?" አልኩት።

"ምን?"

"ፍርድህ ነዋ።"

"እንዴት ልፍረድ? ገና እያየሁ ነው እኮ" አለ።

በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ፣ በሚቀጥለውም። መምህሩ ብቻችንን ስንሆን "ሐኪሞቹ ትልቅ ሃያሲ አጠፉብን" አለኝ፤ ከልቡ ነበር ያዘነው።

አሁን ጋሼ ከሁላችን ቀድሞ ይመጣና ሁሉንም በአንድ ላይ ለማየት ኋላ፣ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ባለፈው ሐሙስ ያየነው ፊልም ውስጥ አንዲት ሴት ዕቃ ያጠበችበትን ውሃ ከደጃፏ ትደፋለች። ለታሪኩ ምንም አይጨምርም።

"እስቲ መልሺው" አለ ጋሼ።

ባለሱቋ መለሰችው።

"እስቲ እንደገና።"

ውሃው ደረጃውን እየላሰ ወረደ፤ ፀሐይ አረፈበት። መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔም ስለ ውሃ አንድ ጥሩ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ባለሱቋ ሪሞቱን እንደ ሽጉጥ አነጣጠረችብን።

"አንዳችሁ ስለ ውሃው አንድ ቃል ብትናገሩ፣ ወላሂ አጠፋዋለሁ።"

ዝም አልን። እሷም ለሦስተኛ ጊዜ መለሰችለት።