በሁለት ጣት ማጨብጨብ

ዛሬ ሀርጌሳ፣ ዳሚ ሰፈር ውስጥ የጥቁር አዝሙድ ዳቦ ሸተተኝና የስምንት ዓመት ልጅነቴ ትዝ አለኝ። ሀርጌሳ ሥራ የሚዘጋው አርብ ስለሆነ፣ ከኢትዮጵያ የመጣነው እኛ ክርስቲያኖቹ አርብ አርብ እትዬ አልማዝ ክፍል ተሰብስበን፣ ድምፅ እንዳይወጣ በሁለት ጣት እያጨበጨብን በሹክሹክታ እንዘምር ነበር።

አንድ አርብ፣ «አስወጣቸው» ብላ ለአከራዩ ያሳበቀችብን ጎረቤት ታመመች። እትዬ አልማዝ ከጸሎቱ የጥቁር አዝሙድ ዳቦ ትልቁን ቁራሽ ለእሷ አስያዙኝ።

«እሷ ጋማ አልሄድም!»

«የሚወደንን ብቻ ከወደድን ምኑን ጸለይነው? ሂጂ፣ አንቺ ግትር!»

ሄድኩ። ሴትየዋ ዳቦውን ተቀብላ፣ «አሁንም ትዘምራላችሁ?» አለችኝ በሶማልኛ።

«አዎ! የሚመጣው አርብም!» አልኳት።

በሩን ዘጋችው። ለአከራዩ ደግማ ትናገር አትናገር እስከ ዛሬ አላውቅም። ዛሬም ብትጠይቀኝ ግን መልሴ ያው ነው፤ እንዲያውም ጮክ ብዬ!