ለማማ የሚሆን ባና

እሺ ብላለች። አልሐምዱሊላህ፣ በአንደበቷ፣ ጮክ ብላ እሺ ብላለች። ማን ናት፣ ምኑን ነው እሺ ያለችው ብላችሁ እንደምትቸኩሉ አውቃለሁ። እኔም ቸኩያለሁ፤ ግን ከብርዱ ካልጀመርሁ ደስታው አይገባችሁም።

ኡበይድ የአምባሰል ሰው ነው፤ ከውጫሌ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን የማሽላው አዝመራ ሲደርስ ከርከሮ የሚያድን። ከርከሮ በእኛ አገር አይበላም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አይነካው፤ ግን አንድ መንጋ በአንድ ማለዳ የአንድ ቤት ቀለብ ደምስሶ ይሄዳል። ስለዚህ ኡበይድ ሱብሂ ሰግዶ፣ አሮጌ ምንሽሩን አንግቶ ማማው ላይ ይወጣል። ችግሩ ብርዱ ነው። የኅዳር ውርጭ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። እሳት እንዳያነድ ከርከሮ ጭስ ከሩቅ ያሸታል፤ ተነሥቶ እንዳይንጎራደድ ማማው ይንቋቋል። ሰውየው ታዲያ መላ አያጣም። ድንጋይ ምድጃ ውስጥ አግሎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ጉያው ይሸጉጣል። በሸሚዙና በኮቱ መካከል የጤፍ ጭድ ይጠቀጥቃል። ሲመለስ ጭዱ በአንገትጌው ብቅ ስለሚል ጓደኛው ሙዘይን «ኧረ ይሄን ሰውዬ በሬ እንዳያይብን» እያለ ይስቅበታል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ የሚደርበው ወፍራም የሱፍ ባና ነበረው። በጦርነቱ ዓመት ሰው ከውጫሌ ወደ ሐይቅ በእግሩ ሲጎርፍ፣ ጎረቤቱ ፈዲላ አሮጊት እናቷን አዝላ አዝላ ደክሟት መንገድ ዳር ተቀምጣ አገኛት። እናቲቱ ይንቀጠቀጣሉ። ኡበይድ ባናውን አውልቆ ሸፈናቸውና እየተፈራረቁ አዝለዋቸው ሐይቅ ገቡ። እናቲቱ እዚያው አረፉ። ሲሞቱ ግን ሞቋቸው ነበር። ባናውም ለሰደቃ ተሰጠ።

ኡበይድ ስለ ባናው አንዲት ቃል ተንፍሶ አያውቅም። ስለ ፈዲላም እንዲሁ፤ ልቡ እሷ ዘንድ እንደቀረ መንደሩ ሁሉ ሲያውቅ እሱ የደበቀ ይመስለው ነበር። እሷ ባሏ የሞተባት፣ እሱ ሚስቱ የሞተችበት፤ ምን ያግዳል?

«ሽማግሌ ላክ እንጂ» አለው ሙዘይን።

«ብልክማ ውለታው ይዟት እሺ ትላለች። በባና ሴት አገባ ልባል?»

«በጭድ ከምትሞት ይሻልሃል።»

ሙዘይን አላስችል ብሎት፣ ሳይነግረው ሽማግሌ ይዞ ሄደ። ፈዲላ ጥያቄውን ሰምታ አንገቷን ደፋች። ዝም። ሽማግሌዎቹ «ይኸው ፈቀደች» ብለው ሊመርቁ ሲሉ ሸህ አብዱልሰመድ አስቆሟቸው።

«የልጃገረድ ፈቃዷ ዝምታዋ ነው። ባል ያየች ሴት ግን በአንደበቷ ትናገራለች። ይቺ አልተናገረችም።»

ጫማቸውን አድርገው ወጡ።

ኡበይድ ይሄን ሲሰማ ከውርጭ ሁሉ የከፋ ብርድ ገባው። እንቢ እንዳትል ውለታው ይዟት ነው አለ። ከዚያ ወዲያ በደጇ ማለፍ ትቶ በገደሉ ዞሮ ወደ ማማው ይሄድ ጀመር።

ዛሬ ማለዳ መንጋው ከቁጥቋጦው ብቅ ሲል ምንሽሩን አነጣጠረ። ከታች «አያ ኡበይድ» የሚል ድምፅ መጣ። ፈዲላ ናት።

«እሽሽ። ዝቅ በይ፣ ከርከሮ አለ።»

«ይስማ። ያን ዕለት ዝም ያልሁት የምተካልህ ባና ስላላለቀ ነው። በጎቻችንን ጦርነቱ በላብን፤ ከሰው አጥርና ከእሾህ ላይ ሱፍ ስለቅም፣ ስፈትል ነው የከረምሁት። ትናንት ሸማኔው ጨረሰልኝ። እንካ። አሁን ውለታ የለብኝም።»

ኡበይድ ወርዶ ተቀበላት። «ተለያየን በይኛ» አለ።

«አንተ ሰውዬ ብርዱ ጭንቅላትህ ገብቷል። ውለታ እያለብኝ እሺ ብል መቼ ታምነኝ ነበር? አሁን ወድጄ ነው። እሺ ብያለሁ።»

ግራ ገብቶት ዙሪያውን አየ። «ምስክር የለም እኮ።»

«ከርከሮዎቹ ሰምተዋል።»

«ከርከሮ ምስክር አይሆንም፣ ፈዲላ።»

«እንግዲያው ሸሁ ፊት እደግመዋለሁ። በል ልበስና ቅደም።»

መንጋው ድምፃቸውን ሰምቶ፣ አንድ ጥይት ሳይተኮስበት ገደል ገደሉን ሸሽቷል።

ሸሁ ፊት ደገመችው፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የኡበይድ እህት ኢንሳፍ ግን ሐይቅ ናት፣ ስልኳም አይሠራም። ሙዘይን ቀድሞ ሳይነግራት ልድረስ። ሚኒባሱ አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶታል፤ ረዳቱ እየተጣራ ነው።