በረዶ የዘጋው ድግስ

ራዶሳቭ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበር። በጎሊያ ተራራ ሥር ባሉት መንደሮች እሱ ያልገባበት ቤት አልነበረም። ቆጣሪው ደጅ ላይ ቢሰቀል እንኳ፣ «እስቲ አምፖሉን ገባ ብዬ ልየው» ይላል። አምፖሉ የሚታየው ታዲያ ከጠረጴዛው ዳር ተቀምጦ ነው፤ አንድ መለኪያ የፕሪም አረቄ ተቀድቶ፣ አይብና በጭስ የደረቀ ሥጋ ቀርቦ። የማን እናት አይብ እንደሚጎመዝዝ፣ የማን ጓዳ እንደሚያወላዳ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የሰው እጅ ለጣመው ሰው የራሱን እጅ መዘርጋት ሞት ነው። በዓመት አንዴ፣ የቤቱ ጠባቂ የሆነው የቅዱስ ኒቆላ ቀን ሲደርስ ራዶሳቭ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ወጪውን እያሰላ ያጉረመርም ነበር። ለዚህ በዓል ማንም አይጠራም፤ አምና የመጣ ዘንድሮም ይመጣል። የቤቱ ጌታም የቅዱሱ ሻማ እስኪያልቅ ቆሞ ያበላል፣ ቆሞ ያጠጣል እንጂ ወንበር አይነካም።

ዘንድሮ ሚስቱ ኮሳና ለአርባ ሰው ሠራች። ዓሣ የሚፈቀድበት ጾም ነውና ሦስት ትልልቅ ዓሣ፣ በምድጃ የበሰለ ባቄላ፣ በጎመን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ የስንዴ ንፍሮ በለውዝ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ በረዶ መጣል ጀመረ። ሲነጋ አጥሩ የለም፤ መንገዱም የለም።

ራዶሳቭ በመስኮት አየና አማተበ። «ቅዱስ ኒቆላዬ፣ የልቤን አወቅህ!»

«ምን ሆነሃል አንተ?» አለች ኮሳና።

«ምንም። ሰዉ ባለመምጣቱ አዝኜ ነው።»

ሐዘኑንም እንዲህ ገለጸው፦ ወንበሩን ምድጃው አጠገብ ሳበ። ጫማውን አውልቆ፣ ካልሲውን አስጥቶ እግሩን ወደ ምድጃው አፍ ዘረጋ። ሁለት ድንች ረመጥ ውስጥ ቀበረ። እንጨቱ ይንጣጣል፤ ከጣራው ላይ በረዶ ግምስ እያለ ይወርዳል፤ ከዚያ በቀር ድምፅ የለም። ከዓሣዎቹ የትልቁን ጭንቅላት ገንጥሎ ጉንጩን መምጠጥ ጀመረ።

«ተነሥ! ሻማው እየነደደ ይቀመጣል እንዴ?»

«ለማን ብዬ ልቁም? ለድመቷ?»

አፉን ሳይጠርግ በሩ ተመታ። ከጉልበቱ በላይ በረዶ የለበሰ፣ ጢሙ በውርጭ የተጋገረ ሰው በበረዶ መንሸራተቻ ደጃፉ ላይ ቆሟል። የኮሳና አጎት ኡግሌሻ ናቸው፤ የሰባ ስምንት ዓመት ጡረተኛ መምህር፣ ከተራራው ማዶ።

«እንኳን ለቅዱሱ አደረሳችሁ! ምነው፣ ሌላ ሰው የለም?»

«መንገዱ ተዘግቶ እኮ ነው፣ ጋሼ» አለ ራዶሳቭ፤ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። «እንዴት ደፈሩ በዚህ ዕድሜዎ?»

«አንተ ለአምፖሌ ብለህ በስንቱ ውርጭ መጥተህልኛል! እኔ ለቅዱሱ አልመጣም?»

ኡግሌሻ የሞቀችው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ካልሲያቸውን ከራዶሳቭ ካልሲ ጎን አሰጡ፤ ከረመጡም ሁለቱን ድንች አወጡ። ራዶሳቭ ግድግዳውን ተደግፎ ሲያይ፣ «ቀጥ በል እንጂ፣ እንግዳ አለብህ!» አሉት። ሻማው እስኪያልቅ ድረስ አንድ አስተናጋጅ ለአንድ እንግዳ ቆሞ ዋለ። ሽማግሌው የሐሞት ጠጠራቸው የወጣበትን ቀን ሁለት ጊዜ ተረኩ፤ ሁለተኛው ላይ ጠጠሩ የፕሪም ፍሬ ያህል ሆነ።

በረዶው ሦስት ቀን አላባራም፤ ኡግሌሻም አልሄዱም። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ። ራዶሳቭን ያስገረመው ግን ኮሳና ናት። በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳራቸው በበዓል ሰሞን ተቀምጣ አያውቅም፤ አሁን እግሯን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ከአጎቷ ጋር ካርታ ታጭበረብራለች። እንባዋ እስኪመጣ ስትስቅ ሰማ። እንዲህ እንደምትስቅ ረስቶት ነበር። ትንሽ ልቡን ነካው፤ ከዚያ ዓሣው ማለቁን አየና ልቡ ተመልሶ ደነደነ።

በአራተኛው ቀን መንገድ ጠራጊው መኪና እያጓራ መጣ። ራዶሳቭ የሽማግሌውን ኮት ይዞ ወደ በሩ ሮጠ። ከመኪናው ኋላ ግን ሃያ የሚሆን ሰው ተከታትሎ ይመጣል፤ ሁሉም ጠርሙስና ኬክ ይዟል።

«በረዶው ከልክሎን እንጂ አንቀርም ነበር!» አለች የዳቦ ቤቷ ስታና ከሩቅ።

ገብተው ጠረጴዛውን አዩት። የዓሣ አጥንት፣ የባቄላ ትራፊ፣ ጥቂት ጥቅል ጎመን፣ ግማሽ ሳህን ንፍሮ።

«ሦስት ዓሣ?» አለች ስታና። «ያውም በጾም! ራዶሳቭ፣ የአርባ ሰው ድግስ ብቻህን ጨረስከው?»

«እኔ አይደለሁም! እኔ... ቆሜ ነበር!»

ይህን ስትሰማ ኮሳና የያዘችውን ካርታ ጥላ ሳቀች። ኡግሌሻ መስክረው ሊያድኑት ይችሉ ነበር፤ ግን አፋቸው ሞልቶ ነበር። ሰዎቹ በያዙት ኬክና በተረፈው ጎመን ተቃመሱ፤ በዓሉ ቢያልፍም ራዶሳቭን አስቁመው አረቄ አስቀዱት። በገበያው ቀን «ቅዱሱን የበላው» የሚለው ስም ከእሱ ቀድሞ ከተማ ደረሰ።

ኡግሌሻ በዚያው ዕለት ሊሄዱ መንሸራተቻቸውን ሲያስሩ፣ «እንግዲህ የእኔ በዓል የጥር ቅዱስ ዮሐንስ ነው» አሉ። «ኑ። በረዶ ከጣለ ማንም ስለማይመጣ ብቻችንን ነን።»

ራዶሳቭ በአራት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ አለ።

«ያኔ ጾም አይደለም አይደል፣ ጋሼ?»

«የለም። ጠቦት እጥላለሁ።»

«እንግዲህ ቅዱሱ ካለ» አለና ራዶሳቭ ሰማዩን ቀና ብሎ አየ፤ ደመና እየፈለገ።